በሞቃት ወራት ዶሮዎችንና ሌሎች ትናንሽ የቤት እንስሳትን ከሙቀት ጉዳት መጠበቅ

በአገራችን የዶሮ እርባታ በአብዛኛው በቤተሰብ ደረጃ የሚከናወን፣ በተለይም በእናቶችና በወጣቶች እጅ የሚገኝ የገቢና የምግብ ምንጭ ነው። ከእንቁላል ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ለደብተርና ለእስክሪብቶ፣ ለጨውና ለዘይት፣ አንዳንዴም ለሕክምና ወጪ ይውላል። ከሽያጭ የተረፈው እንቁላልም ለሕፃናት ገበታ ይቀርባል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የዶሮ ሥጋንና እንቁላልን ከትኩረት መስኮቹ መካከል ያደረገውም ይህንኑ ጥቅም በመገንዘብ ነው።

አርቢዎች ዶሮዎቻቸውን ከጭልፊት፣ ከሸለምጥማጥና ከፈንግል በሽታ ለመጠበቅ ብዙ ይደክማሉ። ሙቀት ግን ድምፅ የለውም፤ አጥር አይዘልም፤ በመሆኑም ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይታለፋል። በሌላው ጊዜ ጤናማ የነበሩና በደንብ እንቁላል ይጥሉ የነበሩ ዶሮዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ በተጨናነቀና አየር በማያገኝ ቤት ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ። ሞት ባይደርስ እንኳ የእንቁላል ምርት ይቀንሳል፤ ቅርፊቱም ይሳሳል፤ የሥጋ ዶሮዎች እድገትም ይጓተታል። ጉዳቱን ለመከላከል የሚያስፈልጉት ሥራዎች ግን አብዛኞቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሥራዎች ከነምክንያታቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ዶሮ ሙቀትን የምትከላከለው እንዴት ነው?

ዶሮ የላብ ዕጢ የላትም። የሰውነቷ ሙቀት በጤናማ ሁኔታ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ይህም ከሰው የሰውነት ሙቀት ከፍ ያለ ነው። ላባዋ በብርድ ጊዜ እንደ ጋቢ የሚያገለግላት ቢሆንም፣ በሙቀት ጊዜ ግን የውስጥ ሙቀቷን አፍኖ ይይዝባታል። ስለዚህ ሙቀትን የምታስወግድባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው በላባ ያልተሸፈኑ የአካል ክፍሎቿን መጠቀም ነው። ኩክኒዋ፣ ከመንቆሯ ሥር ያለው ሥጋማ ክፍልና እግሮቿ ብዙ ደም ስለሚዘዋወርባቸው ሙቀትን ወደ አየር ያስተላልፋሉ። ክንፎቿን ከሰውነቷ አርቃ የምትዘረጋውም ከሥሩ ያለው ላባ የሳሳ ቆዳ አየር እንዲያገኝ ነው። ይህ መንገድ የሚሠራው በዙሪያዋ ያለው አየር ከሰውነቷ ይልቅ የቀዘቀዘና የሚንቀሳቀስ ሲሆን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንቆሯን ከፍታ በፍጥነት መተንፈስ ነው። በዚህ ጊዜ ከሳንባዋና ከአየር መተላለፊያዎቿ የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ይወጣል። ይህ መንገድ ዋጋ ያስከፍላታል። ሰውነቷ ብዙ ውሃ ያጣል። ከትንፋሹ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ስለሚወጣ የደሟ የአሲድ ሚዛን ይዛባል፤ ለእንቁላል ቅርፊት መሥሪያ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገርም ይጓደላል። በሙቀት ወራት ቅርፊቱ የሳሳና በቀላሉ የሚሰበር እንቁላል የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አየሩ እርጥበት ያዘለ ከሆነ ደግሞ ውሃው እንደ ልብ ስለማይተን ይህም መንገድ ይዳከማል። ስለዚህ የአየሩ ሙቀት ተመሳሳይ ቢሆንም፣ እርጥበት ያለበት ሙቀት ከደረቅ ሙቀት ይበልጥ ለአደጋ ያጋልጣል።

ለአዋቂ ዶሮዎች ተስማሚ የሚባለው የአየር ሙቀት በግምት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጨነቅ ይጀምራሉ። 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ በተለይ አየር በማይንቀሳቀስበት ቤት፣ ለሕይወታቸው ያሰጋል።

ሁሉም ዶሮዎች እኩል አይጎዱም። ክብደት ያላቸው የሥጋ ዶሮዎች፣ የሰቡ ዶሮዎችና በከፍተኛ ምርት ላይ ያሉ እንቁላል ጣዮች ቀድመው ይጎዳሉ። የአገራችን ነባር ዶሮዎች ሰውነታቸው አነስተኛ በመሆኑ በአንፃራዊነት ሙቀትን ይቋቋማሉ። በተለይም አንገታቸው ላባ የሌለው፣ በተለምዶ መላጣ የሚባሉት ዶሮዎች ሙቀትን በቀላሉ ያስወግዳሉ። የተሻሻሉ ዝርያዎችን የተረከቡ የቆላ አካባቢ አርቢዎች በዚህ ምክንያት የበለጠ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል።

ጥንቃቄ የሚጠናከርባቸው ጊዜያት

በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ሞቃት ናቸው። በጋምቤላና በመተማ መጋቢትና ሚያዝያ፣ በድሬዳዋና በአፋር ደግሞ ግንቦትና ሰኔ የሙቀቱ መጠን የሚከብድባቸው ወራት ናቸው። በደጋና በወይና ደጋ የሚገኙ አርቢዎችም ከጥንቃቄ ነፃ አይደሉም። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለውና በቆርቆሮ የተሠራ ቤት ውጪው ነፋሻ ቢሆንም በውስጡ ሊታፈን ይችላል። ከቀኑ ውስጥ አሳሳቢው ጊዜ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። ድንገተኛ ሙቀት ደግሞ ቀስ በቀስ ከመጣ ሙቀት ይልቅ ይጎዳል፤ ዶሮዎቹ ለመላመድ ጊዜ አያገኙምና።

የሙቀት ጉዳት ምልክቶች

አርቢዎች በቀትር ወደ ዶሮ ቤቱ ገብተው የሚከተሉትን ሊመለከቱ ይገባል፦

1. ዶሮዎቹ መንቆራቸውን ከፍተው በፍጥነት ይተነፍሳሉ፤ ክንፋቸውን ይዘረጋሉ።
2. መኖ ይተዋሉ፤ ውሃ ግን ደጋግመው ይጠጣሉ፤ ኩሳቸው ውሃማ ይሆናል።
3. ከመንቀሳቀስ ይቆጠባሉ፤ ቀዝቃዛ አፈር ፈልገው ይተኛሉ።
4. የእንቁላል ቁጥርና መጠን ይቀንሳል፤ ቅርፊቱ ይሳሳል።
5. ጉዳቱ ሲጠና ይንገዳገዳሉ፤ ዐይናቸውን ይከድናሉ፤ ይንፈራገጣሉ፤ ይሞታሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዶሮዎቹ ራሳቸውን ለማቀዝቀዝ እየታገሉ መሆናቸውን ያሳያሉ። በዚህ ደረጃ እርምጃ ከተወሰደ ሞትን መከላከል ይቻላል።

ሙቀትን ከፈንግል በሽታ መለየት

ማለክለክ የሙቀት ብቻ ምልክት አይደለም። ፈንግልም የአተነፋፈስ ችግር ስለሚያስከትል ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በሙቀት የተጨነቁ ዶሮዎች አመሻሽ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይሻላቸዋል፤ ሞት ቢከሰትም በቀትርና ከሰዓት በኋላ ይበዛል። ፈንግል ከሆነ ግን ዶሮዎቹ በማለዳም ታመው ይገኛሉ። ሳል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጣመም ወይም የክንፍና የእግር ሽባነት ሊታይ ይችላል፤ ሞቱም ሌሊትና ቀን ሳይለይ ለቀናት ይቀጥላል፤ ወደ ጎረቤትም ይዛመታል። ይህ ሲያጋጥም ዶሮዎቹን ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ማሰራጨት ስለሆነ፣ ከመሸጥ ተቆጥቦ በአስቸኳይ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል።

ውሃ፦ የመጀመሪያውና ዋናው መከላከያ

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በመጠነኛ የአየር ሁኔታ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች። በከባድ ሙቀት ይህ መጠን በእጥፍ ሊያድግ ይችላል። 20 ዶሮዎች ያሉት ቤተሰብ በመደበኛ ጊዜ 5 ሊትር የሚበቃው ከሆነ፣ በሙቀት ወራት እስከ 10 ሊትር፣ ማለትም የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ያህል ማዘጋጀት ይኖርበታል።

የውሃው መጠን ብቻ ሳይሆን ቅዝቃዜውም ወሳኝ ነው። ዶሮዎች የሞቀ ውሃ አይወዱም፤ በፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ከፊታቸው እያለ ሊጠሙ ይችላሉ። ስለዚህ የሚከተሉት ይመከራሉ፦

መጠጫዎችን በጥላ ሥር ማስቀመጥ፤ በቀትር ውሃውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ በአዲስ ውሃ መተካት፤ የመጠጫዎችን ቁጥር መጨመርና በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ፤ በዚህም ደካሞቹ በጉልበተኞቹ ተገፍተው እንዳይጠሙ ማድረግ። ውሃን በሸክላ እንስራ ማቆየት ጠቃሚ ነው። በሸክላው ቀዳዳዎች የሚያልፈው ውሃ ሲተን በውስጡ ያለውን ያቀዘቅዘዋልና። ከፕላስቲክ ጀሪካን ይልቅ በእንስራ የቆየ ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። መጠጫዎች በየቀኑ መታጠብ አለባቸው፤ በሙቀት ጊዜ ውሃ በፍጥነት ይበላሻል።

መኖ፦ ሰዓቱን ማስተካከል

የተበላ መኖ በሚፈጭበት ጊዜ በሰውነት ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ይህ ሙቀት የሚጨምረው ከተበላ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። ረፋድ ላይ የተበላ መኖ ሙቀቱን የሚፈጥረው ልክ በቀትር፣ አየሩም በሚከብድበት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በሙቀት ወራት ዋናውን መኖ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት እና ከ11 ሰዓት በኋላ አመሻሽ ላይ መስጠት ይመከራል። በመካከል ባሉት ሞቃት ሰዓታት መኖውን ማንሳት ይቻላል፤ ውሃ ግን ፈጽሞ መነሳት የለበትም።

የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው በሌሊት ስለሆነ፣ በምሽቱ መኖ ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦና ተቆልቶ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ማቅረብ የቅርፊቱን መሳሳት ይቀንሳል። እንደ ጎመንና አልፋልፋ ያሉ ለምለም ቅጠሎች፣ የሐብሐብ ልጣጭም ጭምር በቀትር በመጠኑ ቢሰጡ ውሃና ቫይታሚን ያስገኛሉ። መኖው በሙቀትና በእርጥበት እንዳይሻግት በደረቅና ነፋሻ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ሊቀመጥ ይገባል።

ቤት፦ ጥላና ነፋስ

አዲስ ቤት የሚሠራ አርቢ ቤቱን ቁመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሆን አድርጎ ቢያቆመው የጠዋትና የማታ ፀሐይ ሰፊውን ግድግዳ አይመታም። በአገራችን ፀሐይ በዓመቱ ከፊል በደቡብ፣ ከፊል ደግሞ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ የጣሪያው ክፈፍ በሁለቱም በኩል ወጣ ማለት አለበት። ግድግዳው ከሥር ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ በጭቃ ወይም በብሎኬት ተሠርቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው በሽቦ ወንፊት ቢሸፈን ነፋስ ያስገባል፤ አውሬም ይከለክላል። ጣሪያው ከፍ ባለ መጠን ሙቀቱ ከዶሮዎቹ ይርቃል።

ያለውን ቤት ለማሻሻልም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በቆርቆሮው ላይ ሣር ወይም ገለባ መደረብ፣ ወይም ቆርቆሮውን ነጭ ኖራ መቀባት ወደ ውስጥ የሚገባውን ሙቀት ይቀንሳል። በቤቱ ዙሪያ ዛፍ መትከል ዘላቂ መፍትሔ ነው፤ ችግኙ እስኪያድግ በጆንያ ወይም በሰሌን ዳስ መሥራት ይቻላል። ከነፋሱ አቅጣጫ ያሉ ቁጥቋጦዎችና የተከመሩ ዕቃዎች ከተነሱ አየር እንደ ልብ ያልፋል።

የዶሮዎቹ ብዛትም ከቤቱ ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት። በሞቃት አካባቢ በ1 ካሬ ሜትር ከ5 የማይበልጡ አዋቂ ዶሮዎችን ማኖር ይመከራል፤ 20 ዶሮዎች ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ገለባ ወይም ሰጋቱራ ሲወፍርና ሲረጥብ ሙቀትና የሚያፍን ሽታ ስለሚፈጥር፣ በሙቀት ወራት ስስ መሆንና ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት።

እንደ አፋርና ድሬዳዋ ባሉ ደረቅ አካባቢዎች ነፋስ በሚገባበት በኩል እርጥብ ጆንያ መስቀል ወይም ጣሪያውን ውሃ መርጨት አየሩን ያቀዘቅዛል። አየሩ እርጥበት ባዘለበት አካባቢ ወይም በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ውሃ መርጨት እርጥበቱን ጨምሮ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል አይመከርም።

ጫጩቶችና እንቁላል

ጫጩቶች ከአዋቂ ዶሮዎች የተለዩ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። በቆላ አካባቢ በቀትር የውጪው አየር ራሱ በቂ ሊሆን ስለሚችል ከሰሉ ወይም አምፖሉ ሊነሳ ይገባል፤ ሌሊት ግን ይመለሳል። የሙቀት መለኪያ የሌለው አርቢ ጫጩቶቹን በማየት ሊያውቅ ይችላል። ወደ ሙቀቱ ምንጭ ተጠግተው ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ርቀው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ በእኩል ተሰራጭተው ከተመገቡና ከተኙ ተመችቷቸዋል።

እንቁላል በሙቀት ጊዜ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ሊሰበሰብ ይገባል። የዳበረ እንቁላል በሞቃት ክፍል ከቆየ ፅንሱ ያለ ጊዜው ማደግ ጀምሮ ይሞታል። ስለዚህ ለማስታቀፍ የሚፈለግ እንቁላል በቤቱ ውስጥ ባለው ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ ከአንድ ሳምንት ሳይበልጥ መታቀፍ አለበት።

ዶሮዎችን ወደ ገበያ ማጓጓዝ

የፋሲካ በዓል የሚውለው ሙቀት በሚበረታበት ወቅት ነው። በበዓሉ ዋዜማ ባሉት የገበያ ቀናት እግራቸው ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠሉ፣ በጆንያ የታጨቁ ወይም በመኪና ጣሪያ ላይ በፀሐይ የሚጓዙ ዶሮዎች በብዛት ይታያሉ። ይህ አሠራር ለእንስሳቱ ሥቃይ፣ ለነጋዴውም ኪሳራ ነው፤ መንገድ ላይ የሞተች ዶሮ ገዢ የላትም። ጉዞውን በማለዳ ወይም ከምሽት በኋላ ማድረግ፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም ሣጥን ሳያጨናንቁ መጫን፣ ከመነሳትና ከደረሱ በኋላ ውሃ መስጠት፣ በገበያውም ጥላ ሥር ማሳረፍ ይገባል። በሙቀት የሞተ ዶሮ ለምግብ መዋል የለበትም፤ ከውሃ ምንጭ ርቆ በጥልቀት ሊቀበር ይገባል።

ጥንቸልና ሌሎች በሣጥን የሚኖሩ ትናንሽ እንስሳት

በከተሞች ለልጆች መደሰቻ ወይም ለእርባታ ጥንቸል፣ አልፎ አልፎም ጊኒ ፒግ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህም እንስሳት በላብ ራሳቸውን ማቀዝቀዝ አይችሉም። ጥንቸል ሙቀትን በዋናነት የምታስወግደው በረዣዥም ጆሮዎቿ ሲሆን፣ አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ለአደጋ ትጋለጣለች። ጊኒ ፒግ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ባለ ሙቀት ሊጎዳ ይችላል።

ዋናው አደጋ እንስሳቱ በተዘጋ ሣጥን ስለሚኖሩ ፀሐይ ስትዞር ወደ ጥላ መሸሽ አለመቻላቸው ነው። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሊመታው ስለሚችል፣ ሣጥኑ ቀኑን ሙሉ ጥላ በማይለየው ቦታ መቀመጥ አለበት። የቀዘቀዘ ውሃ የሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገባቸው ማስቀመጥ፣ ወይም እንዲተኙበት ቀዝቃዛ የሸክላ ንጣፍ ማኖር ይረዳል። የጥንቸሏን ጆሮዎች በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ጠቃሚ ነው፤ እንስሳውን በውሃ መንከር ግን ድንጋጤ ስለሚፈጥር ክልክል ነው። ለእርባታ የተያዙ ወንድ ጥንቸሎች ከከባድ ሙቀት በኋላ ለሳምንታት የመራባት አቅማቸው ሊቀንስ እንደሚችል አርቢዎች ሊያውቁ ይገባል።

አስቸኳይ እርዳታ

ዶሮ በሙቀት ተዝለፍልፋ ከተገኘች፦

1. ሳይሯሯጡና ሌሎቹን ሳያስደነግጡ ወደ ጥላና ነፋሻ ቦታ ማውጣት።
2. እግሮቿን፣ ኩክኒዋንና ከመንቆሯ ሥር ያለውን ክፍል በቀዝቃዛ ውሃ ማርጠብ፤ በረዶ የሆነ ውሃ አለመጠቀም።
3. በሰፌድ ወይም በካርቶን ማራገብ።
4. ራሷን ችላ መዋጥ ስትጀምር ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ማቅረብ፤ በግድ በጉሮሮዋ አለማፍሰስ።
5. ለቀሩት ዶሮዎች በሩንና መስኮቱን መክፈት፣ የተጨናነቁትን መበተን፣ አዲስ ውሃ ማቅረብ።

በውሃ የሚሟሙ የማዕድንና የቫይታሚን ዱቄቶች ጠቀሜታ ቢኖራቸውም፣ መጠናቸው በእንስሳት ጤና ባለሙያ መወሰን አለበት።

አገልግሎት ስለሚገኝበት ሁኔታ

ስለ ዶሮ ቤት አሠራር፣ ለአካባቢው ስለሚስማማ ዝርያና ስለ መኖ አዘገጃጀት ምክር የሚፈልጉ አርቢዎች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የወረዳቸውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ክትባትና ሕክምና በተመለከተ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች አገልግሎት ይሰጣሉ። ክትባት ሲሰጥ ዶሮዎቹ በቀትር ተይዘው እንዳይጨነቁ፣ መድኃኒቱም ፀሐይ እንዳይነካው ሥራው በማለዳ እንዲከናወን አርቢዎች ከባለሙያው ጋር አስቀድመው ቀጠሮ ሊይዙ ይገባል። ወደ ባለሙያ ሲቀርቡም የዶሮዎቹን ቁጥርና ዕድሜ፣ ምልክቱ የታየበትን ሰዓት፣ የሞቱትን ብዛትና የመጨረሻውን ክትባት ቀን ማስረዳት ተገቢውን ድጋፍ በፍጥነት ለማግኘት ይረዳል።

የሙቀቱ ወራት ከመግባታቸው በፊት የሚደረግ ዝግጅት ከጉዳት በኋላ ከሚደረግ ሩጫ ይሻላል። አርቢዎች ዛሬ በቀትር ወደ ዶሮ ቤታቸው ገብተው ለጥቂት ደቂቃ ቢቆሙ፣ ለራሳቸው የሚከብዳቸው አየር ለዶሮዎቻቸው ይበልጥ እንደሚከብድ ይረዳሉ። ሥራውም መጠጫውን ወደ ጥላ በማዛወር ሊጀመር ይችላል።